በኑርሁሴን ትከሻ የታየው ፍንጣሪ

ጦርነቱ ሐይቅ ከተማን ለቆ ሲወጣ ለክሊኒኩ የተረፈው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። የራጅ መሣሪያ ግን በእርዳታ ሁለት መጣለት፤ አንዱ ለወንዶች ክፍል፣ አንዱ ለሴቶች።

አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰችው ኢቲሳም ኮምፒውተሩን ለሁለት ቨርችዋል ማሽን ከፈለችው፤ አንዱ ሣጥን እንደ ሁለት ሆኖ ይሠራ ጀመር። እያንዳንዱ ራጅ ያነሳውን ምስል በቀጥታ የሚያስቀምጥበትን የሜሞሪ አድራሻም በእጇ ጻፈች።

በመጀመሪያው ጠዋት የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጅዳ ሊመለስ የጤና ምርመራ የፈለገው እጮኛዋ ኑርሁሴን፣ እና ትከሻዋን የሚወጋት እናቷ መስኡዳ።

ዶክተር ዝናው የመስኡዳን ምስል አዩ። «ንጹሕ ነው። ብርድ ይሆናል፤ ይታሹ» አሏት።

የኑርሁሴንን ሲያዩ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ትከሻው ውስጥ የጥይት ፍንጣሪ ተቀምጧል።

ኑርሁሴን ጦርነቱን በሙሉ ጅዳ እንደነበረ ነበር ለኢቲሳም የነገራት።

«ወላሂ፣ ጥይት ነክቶኝ አያውቅም!»

«ዶክተሩ ትከሻህ ላይ ያዩት ጠባሳስ?»

«የልጅነት ክትባት ነው እኮ!»

«መሣሪያው ምን ቆርጦት ይዋሻል?» አለች ኢቲሳም።

ከማን ወግኖ ተዋጋ? ማንን ገደለ? «ኒካው ይቅር» ብላ ላከችበት።

«ተይ ልጄ» አለቻት መስኡዳ። «በዚያ ጊዜ የደረሰበትን ሁሉ ሰው አፍ አውጥቶ አይናገርም።»

«ስለ እሱ አትሟገቺልኝ፣ እማ!»

በማግስቱ መብራት ጠፋ፤ ራጁም አምስት ቀን ቆመ። ኑርሁሴን በየቀኑ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። በአምስተኛው ቀን ቀረ።

መብራት እንደመጣ ሙላት የሚባሉ የአምባሰል ገበሬ ወንዶች ክፍል ገቡ፤ ሴቶች ክፍል ደግሞ አንዲት ሙሽራ። የሙላት ምስል ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከአንገታቸው ግራና ቀኝ ጉትቻ ተንጠልጥሏል።

ዶክተር ዝናው ሳቁ። ኢቲሳም አልሳቀችም። የጻፈችውን አድራሻ ከፍታ አየች። አቀያይራው ኖሯል፤ የወንዶቹ ምስል ወደ ሴቶቹ፣ የሴቶቹ ወደ ወንዶቹ ሲገባ ነበር።

ስልኳን አንስታ ደወለች።

«ኑርሁሴን፣ አፉ በለኝ። ፍንጣሪው ያንተ አይደለም።»

«አፉ ብያለሁ። ታዲያ የማን ነው?»

በዚያ በመጀመሪያው ጠዋት ሴቶች ክፍል የገባችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።