ውሃሽ መጣልሽ

ዘንድሮ ሥራን እያዩ መልመድ ቀርቷል፤ የሟች ባለሙያ እውቀት በአንድ ጠዋት ለተተኪው ይጫናል። የውሃ መሐንዲሱ የአቶ ደመላሽ እውቀት የተጫነላት ትርሲት ዛሬ የሟቹን ቤት ቧንቧ ልትጠግን መጣች። የተቀበረውን ቫልቭ ማንንም ሳትጠይቅ ከጽጌረዳው ሥር ቆፍራ አገኘችው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች ዓይናቸውን ከእጆቿ ላይ መንቀል አቃታቸው።

«ልጄ፣ ስለ እኔስ የነገረሽ ነገር የለም?»

ትርሲት አቀረቀረች። «እትዬ፣ የሚጫንልን የሥራው ብቻ ነው። ሌላው ይሰረዛል።»

ወይዘሮ አስናቀች ወደ ጓዳ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ቧንቧው ተንፎለፎለ፤ ከጓሮም የትርሲት ድምፅ ተሰማ።

«አስኒዬ፣ ውሃሽ መጣልሽ!»

ልጅቷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ ይቅርታ እትዬ! ውሃው መጣልዎት…»

«ተይ፣ አታርሚው» አሉ ወይዘሮ አስናቀች የጓዳውን መቃን ተደግፈው። «እስቲ እንደ ቅድሙ ድገሚልኝ።»