ሬሳው ሲያስነጥስ

ወረታ ከተማ አዳራሽ ውስጥ፣ መድረኩ ላይ የሙሾው ዜማ ከፍ ሲል፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ነጠላዋን አውልቃ እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ የምታያት የተውኔቱ ደራሲ ልጇ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። የርብ ወንዝ ሞልቶ የደራሲዋን ወንድም ከወሰደው ሦስት ክረምት አልፏል። አስከሬኑ ስላልተገኘ እናቷ «ልጄ ይመጣል» ብላ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ነጠላዋንም ለአንድ ቀን አላዘቀዘቀችም። ደራሲዋ ከሩቅ አገር ተምራ ስትመለስ ይህን ሙዚቃዊ ተውኔት የጻፈችው እናቷ አንዴ አልቅሳ እንዲወጣላት ነበር።

የሰመጠውን ልጅ ሬሳ ሆኖ የሚተውነው ማረው የተጋደመው የሩዝ ገለባ ላይ ነበር። ብናኙ አፍንጫው ገባና አስነጠሰው።

«ይማርህ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። አልቃሾቹ ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ማረው እንደገና ሲያስነጥሰው መደበቁ እንዳበቃለት ገባው፤ ብድግ ብሎ ኦርጋን ተጫዋቹን በዓይኑ ጠቀሰና «እናቴ፣ ውኃው ተፋኝ፣ መጣሁልሽ!» እያለ በሠርግ ዜማ እስክስታ ወረደ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

«ተኛ! በኪዳነ ምሕረት፣ ተኛ!» አለች ደራሲዋ ከመጋረጃው ጀርባ። የሰማት አልነበረም።

እናቷ አልሳቀችም፣ አላጨበጨበችም። ነጠላዋን ቀስ ብላ አውልቃ ጥለቱን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጎረቤቷ ዞር አለች።

«አላልኋችሁም?» አለቻት።