ያልተነገረውን የሚሰማ ጆሮ

«ጎረቤት ፍም ቢጭር ምድጃ አይቀዘቅዝም፤ ያስረከበ ሰው ምንም አይጎድልበትም አሉ» ይላሉ የረድኤት አለቃ አቶ ሽብሩ ባገኟት ቁጥር። በዚህ ዘመን የቢዝነስ ትንተና ጀማሪ አይሠለጥንም፤ ደንበኛ በአፉ ያላለውን የመስማት ችሎታ ከነባሩ ራስ በሽቦ ይተላለፍለታል።

ረድኤት ማንም ሳያስተምራት ያፈራችውን ችሎታ ለአንድ ማስቲካ አላማጭ ጀማሪ አስረከበች።

«ቀላል ነው ለካ፣ ረዲዬ» አላት። ደንበኛ ፊት የራሷ ጥያቄዎች በአፉ ከማስቲካው ጋር ሲላመጡ አይታ ቀፈፋት።

ቤት ስትገባ ሊጠይቋት የመጡት እናቷ «ነገ ልሂድ መሰለኝ፤ አስቸገርኩሽ» አሏት። ትናንት ቢሆን «ወዴት ወዴት፣ ገና መች ጠገብኩሽ» ብላ ሻንጣቸውን ትደብቅ ነበር።

«እሺ እማዬ» አለችና ትኬት ቆረጠችላቸው።

በሳምንቱ አክስቷ ከአገር ቤት ደወለች። «እናትሽ ትናንት ገዳም ገብታ መነኮሰች። ቤቷ ከፈረሰ እኮ ቆየ፤ አንቺ ጋ ልትኖር ነበር የመጣችው።»