ቁጥር 217 የተያዘ ነው

«የተያዘ» ማለት በላዩ ላይ የሚፈለግ ነገር ያለበት፣ ቀኑ እስኪደርስ ማንም የማይደመስሰው ቴፕ ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈለገው ነገሩ የሆነው በ1976 ዓ.ም. ስለሆነ ነው፤ ያኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ «ተያዘ» ሲባል ሰው ቶሎ ብሎ «ማን?» ነበር የሚለው።

ቴፖቹ የአንድ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ቴፖች ናቸው። ሙቀት አይወዱም ተብሎ ሦስት መቶው ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ተላኩ። ጠባቂያቸው ወርቅአገኘሁ ለእያንዳንዱ ካርድ አዘጋጅቷል፤ ቁጥሩ፣ ባለቤቱ፣ የሚቆይበት ቀን፣ ከዚያም ሁኔታው፣ ባዶ ወይም የተያዘ ተብሎ ይጻፍበታል። ኮምፒዩተር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ካርዶቹን ግን በቃሉ ይወጣቸዋል።

ሰኞ ጠዋት አቧራ ሲያራግፍ የ217 ክብ የፕላስቲክ ሣጥን ቀለለው። ከፈተው። ቴፑ የለም።

ካርዱ «የተያዘ፣ እስከ 1990» ይላል። ተቆጣጣሪው ጓድ ዘርአ ዳዊት ደግሞ በየስድስት ወሩ ለሚያደርገው ምርመራ በማግስቱ ይመጣል። የተያዘ ቴፕ ያጠፋ ሰው የሚፈራው ከሥራ መባረርን ብቻ አይደለም፤ አሻጥር የሚባል ክስ አለ።

ወርቅአገኘሁ በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ሸሪፍ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ቴፖቹ ካሉበት ግምጃ ቤት አጠገብ ባለው ክፍል በርበሬ ያከማቻል።

«ያን ሰሞን ስለ ቴፑ ጥብጣብ ስትጠይቀኝ አልነበር?»

«ለጭነት ማሰሪያ ይሆናል ወይ ነው ያልኩህ። ቀልዴን እኮ ነው!»

«ቀልድህ ነው ዛሬ ከመደርደሪያዬ የጠፋው።»

«ወላሂ አልነካሁም! እኔ በርበሬዬን በሲባጎ ነው የማስረው። ደሞስ ቁልፉ ያንተ ወገብ ላይ አይደል? ካንተና ከዚያ ከተቆጣጣሪህ በቀር ማን ገብቶ ያውቃል?»

ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፣ አለ ወርቅአገኘሁ በሆዱ።

ከዚያ መመሪያው ትዝ አለው። የተያዘ ቴፕ ሣጥኑ ያለ ባለቤቱ ደብዳቤ አይከፈትም። እንግዲህ የጎደለው ክብደት ብቻ ነው። በግቢው አጥር ላይ ሚስቱ ወለተሐና የጠፈጠፈችው ኩበት ይደርቃል። አንዱን ክብ መረጠ፤ ጠርዙን በቢላ አስተካክሎ ሣጥኑ ውስጥ አስገባው። ልክ ገጠመ። ሽታ አለው ለማለትም አፍንጫን ማስጠጋት ያስፈልጋል።

ማክሰኞ ጓድ ዘርአ ዳዊት ቦርሳውን ደረቱ ላይ ለጥፎ መጣ።

«ቦርሳውን ልቀበልዎ፣ ጓድ።»

«ተወው፣ ተወው።»

ከአንድ እስከ 216 ያሉትን እንደ መንገደኛ አለፋቸው። 217 ላይ ሲደርስ ቆመ። ሣጥኑን አንሥቶ በእጁ መዘነው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ … ሙሉ ነው?»

«የተያዘ ነው፣ ጓድ።»

«ከፍተኸዋል?»

«መመሪያው አይፈቅድም።»

«ደግ። እስቲ መዝገቡን አምጣልኝ።»

መዝገቡ ያለው ከግቢው ማዶ ነው። ወርቅአገኘሁ ግቢውን ሲያቋርጥ ሸሪፍ ከበሩ ብቅ አለ።

«እህስ?»

«አለቀልኝ። ሊከፍተው ነው።»

«ብቻ ስሜን እንዳትጠራ አደራ!»

ሲመለስ ሣጥኑ ቦታው ላይ ነው። ተቆጣጣሪውን በዚያ ብርድ አልቦታል። መዝገቡ ላይ «ሁሉም ተሟልቷል» ብሎ ፈረመ፤ የጠባቂውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ጓድ ወርቅአገኘሁ፣ እንዳንተ ያለ ጠባቂ አላጋጠመኝም።»

ምሳም አልበላ። ቦርሳውን እንዳቀፈ መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ።

ወርቅአገኘሁ በሩን ዘጋ፤ ኩበቱን አውጥቶ ሊጥል የ217ን ሣጥን ከፈተ።

ኩበቱ የለም። በቦታው ቁጥር 217 ቴፕ ቁጭ ብሏል።