ፊቱ የማይለወጥ ወንበዴ

ጋሽ መርሃዊ በካውቦይ ፊልም ሲሞቱ የኖሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አስመራ ላይ ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ ፔናሊቲ ስተው አያውቁም። አንድ የጣሊያን ፊልም ሠሪ ያንን ድንጋይ ፊታቸውን አይቶ ወሰዳቸውና ሪዝ አስረዝሞ፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶባቸው ወንበዴ አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ ዋናው አክተር ቆንጆዋን ሲስም፣ እሳቸው አቧራ ላይ ተዘርግተው ይገኛሉ።

ደረቁ ፊት ግን ከፊልሙ ጋር አልቀረም። ባለቤታቸው የተቀበሩ ዕለት እንባ ቢሉ ጠብ አላለም። ለቀስተኛው «ምን ዓይነት አንጀት ነው?» እያለ አማቸው። እሳቸውንም የሚያሳፍራቸው ይኸው ነገር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አይሞቃቸው፣ አይበርዳቸው፤ ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ባለችው ፍላታቸው ብቻቸውን ቁጭ ብለው ቲቪ ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻቸው ኪዳነወልድና ሚስቱ ብሩክታዊት በራቸውን አንኳኩ።

«ጋሼ፣ መርዶ ልንናገር ነው፤ አብረውን ይምጡ» አለ ኪዳነወልድ።

«ለማን?»

«ዌምብሊ ያለች ኣስካሉ የምትባል ሴት ናት፤ እርስዎ አያውቋትም። ልጇ ሞቶባት አልሰማችም። ሰው ተሰብስቧል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ። እርስዎ አይደነግጡም ብለን ነው።»

ጋሽ መርሃዊ ጥቁር ኮታቸውን ለበሱ። ምናልባት ከሴትየዋ ጋር እኔም አለቅስ ይሆናል ብለው ተስፋ አደረጉ። የልጇን መርዶ የሰማች እናት አይተው ካላለቀሱ፣ ያን ጊዜ በቃ ደርቀዋል ማለት ነው። በሩን ብሩክታዊት ወደ ኋላ ቀርታ ዘጋችላቸው።

በቅድሚያ ፊንስበሪ ፓርክ ወስደው ቁርስ አበሏቸው። «ለቅሶ ቤት ቶሎ እህል አይቀርብም» እያለች ብሩክታዊት የእንቁላሉን ሳህን ወደሳቸው ገፋች። ባልና ሚስቱ ሻይ ብቻ ጠጡ።

«የደም ግፊት ኪኒንዎን ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ። ዛሬስ እንደ ሕፃን አደረጋችሁኝ!»

መኪና ውስጥ ብሩክታዊት ከኋላ አብራቸው ተቀመጠች።

«ስልክዎን ይስጡኝ፤ መሐል ላይ እንዳይጮህ ሳይለንት ላድርገው።»

ሰጧት። «ወጋሕታ ከደወለች ግን ንገሪኝ። ሰሞኑን ሥራ በዝቶባት መሰለኝ ድምፅዋ ጠፍቷል።»

«እሺ።»

ወጋሕታ ስዊድን የምትኖር አንድያ ልጃቸው ናት። ትንሽ ሳለች ፊልሙ ላይ በተገደሉ ቁጥር፣ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው እያየች፣ ተንሰቅስቃ ታለቅስ ነበር። «አለሁ እኮ!» ቢሏትም አትሰማም። ይህን ሲያስቡ ትንሽ ደስ አላቸው።

«ጋሼ፣ ምናልባት ካቃተዎ እኔ እንድናገር ያስተምሩኝ» አለ ኪዳነወልድ መሪውን እንደያዘ።

«ምን ያቅተኛል!» ቢሆንም ስለ ሙያቸው የሚጠይቃቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷልና ቀና ብለው ተቀመጡ። «ዓይን አታይም። ዓይን ካየህ አለቀልህ፣ ከእሷ ቀድመህ ታለቅሳለህ። እኔ ፔናሊቲ ስመታ የማየው የበረኛውን ግንባር ነበር። ፊልም ላይ ሽጉጥ ስመዝም እንደዚያው። ግንባር ግንባሯን እያየህ ባጭሩ ትነግራትና ዝም ትላለህ።»

«ብትወድቅስ?»

«አጠገቧ ሰው ይቀመጣላ! ይይዛታል።»

ኪዳነወልድ ራሱን ነቀነቀ።

መኪናዋ ኬንቲሽ ታውን ስትደርስ ከዋናው መንገድ ወጥታ ታጠፈች።

«ዌምብሊ በዚህ ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ መርሃዊ። «ወይስ መንገድ ዘግተዋል?»

ብሩክታዊት ክንዳቸውን ያዘች።

ኪዳነወልድ በገዛ ደጃፋቸው ላይ መኪናውን አቁሞ ወደ ኋላ ዞረና ግንባር ግንባራቸውን ያይ ጀመር።