የገመዱ ጫፍ

ጓደኛሞቹ በበረሃው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከገደል ወደ ገደል በገመድ እየወረዱ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ጓንቱን መኪና ውስጥ ረስቶ መጥቷል። ትርሲት የራሷን አውልቃ ሰጠችው።

«አንተ ትከብዳለህ» አለችው እየሳቀች።

የመጨረሻው ገደል ከሁሉም ይረዝማል። መሪያቸው አወል እንደ ልማዱ አሳሰበ፦ «ቀድሞ የወረደ የገመዱን ጫፍ ከታች ይያዝ። የሚወርደው ሰው ገመዱ ካመለጠው፣ ከታች ያለው ጠበቅ አድርጎ ይሳብ፤ ያኔ የሚወርደው ይቆማል።»

ትርሲት ቀድማ ወረደች፤ ቀስ እያለች፣ ደጋግማ እያረፈች።

«ምነው እቴ፣ ይመሻል እኮ!» ብሎ ጓንቷን ያጠለቀው ጓደኛዋ ጮኸባት። ሌሎቹ ሳቁ።

ተራው ሲደርስ «ለእኔ መያዝ አያስፈልግም፣ አረፍ በይ!» ብሎ በጥድፊያ ወረደ። አጋማሹ ላይ እግሩ ተንሸራተተ፤ ገመዱ ከእጁ አመለጠው። ዓለቱ ሽቅብ ሲሮጥ ታየው። ከዚያ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንፋሹን ሰብስቦ ገመዱን እንደገና ያዘና እስከ ታች ወረደ።

«አያችሁ? ራሴን በራሴ ነው ያቆምኩት!» አለ ወደ ላይ አንጋጦ።

«ጎበዝ» አለች ትርሲት፣ ፊቷን ወደ ዓለቱ እንዳዞረች።

የውሃ ኮዳውን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

«ክፈትና አጠጣኝ» አለች።

ዞር ስትል መዳፎቿን አየ። ቆዳቸው ተልጦ ይደሙ ነበር። የገመዱም ጫፍ ቀልቷል።

«እጅህ ተጎዳ እንዴ?» ሲል አወል ከላይ ጮኸ።

እሱ የትርሲትን ጓንት ያጠለቁ እጆቹን ከኋላው ደበቀ።