በግሼ ዳገት የፈለቀው ዘይት

በ1990 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በስምጥ ሸለቆው ተፋሰስ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ይኖር እንደሆነ የሚያጠናው ወጣቱ ጂኦሎጂስት ታዲዮስ፣ ከመሐል ሜዳ ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዞ ግሼ ገደል አፋፍ ላይ ካለች መንደር ደረሰ። ሕዝቡን በደብሩ ቅጽር ሰብስቦ ነገሩን ሳያለሳልስ ተናገረ።

«ሳምንቱን ሙሉ ዳገቱን ስንጥቅ በስንጥቅ እፈትሻለሁ። ዘይት ካለ ቁፋሮ ይጀመራል። ያን ጊዜ አርባውም አባወራ ይነሣል፤ ደብሩም ጭምር።»

ከሕዝቡ መካከል አቶ ወልደ ጻድቅ የተባሉ ገበሬ ብድግ አሉ።

«ሳምንት ምን ያለፋዎታል ጌታዬ? ዘይቱ እኔ ማሳ ውስጥ ይፈልቃል። ብቻ ቁፋሮው ሲጀመር እኔን በዘበኝነት አይርሱኝ።»

ሕዝቡ እንደ ተነካ ቀፎ ተነሣ። የደብሩ አለቃ መምሬ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን ካባቸው ውስጥ ከተው ተቆጡ።

«የአባትህን መቃብር በዘበኝነት ለወጥከው? ከዛሬ ጀምሮ መስቀሌን አትሳለምም!»

ወልደ ጻድቅ እንግዳውን እየመሩ ወደ ማሳቸው ወረዱ። መንደርተኛው እየተሳደበ ተከተለ።

በማሳው ጥግ ያለው የምንጭ ውኃ እንደ ቀስተ ደመና ኅብረ ቀለም ለብሶ ያንጸባርቃል። ታዲዮስ ልቡ ዘለለ። ነጭ መሐረቡን ነክሮ ፀሐይ ካጋለው ድንጋይ ላይ አሰጣው። ድፍድፍ ዘይት ቢሆን ጨርቁን ባጠቆረው ነበር፤ መሐረቡ ግን እንደ ነጣ ደረቀ። አነሣና አሸተተው። ፊቱ ደም መሰለ።

«ይህ የኩራዝ ላምባ ነው! ማንን ልታሞኝ ነው፣ አንተ ሽማግሌ?»

አክብሮቱ ከአንደበቱ ወድቆ ነበር። ወልደ ጻድቅ መሬት መሬት አዩ።

«ድህነት ነው ጌታዬ።»

«ድህነት? ሁለት ቀን ገደል ለገደል የተንከራተትሁት ላንተ ላምባ ነው?»

ባለቤታቸው እታገኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«አንቱ ሰው! ቤቴ በጨለማ የከረመው ለዚህ ነው? በምን ዓይኔ ነው ጎረቤት የማየው?»

ታዲዮስ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ወረቀቱን እስኪቀደው ተጭኖ ጻፈ፦ «የዘይት ምልክቱ በሰው እጅ የተፈጠረ ሐሰት ነው። የዚህ ዳገት ቀሪ ፍተሻ ተሰርዟል።» ወዲያው በቅሎውን አስጭኖ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰ።

መንደርተኛው በወልደ ጻድቅ ፊት ምራቁን እየተፋ ተበተነ። እታገኝም ሳትጠብቃቸው ሄደች።

የመጨረሻው ሰው ከዓይን ሲሰወር ወልደ ጻድቅ ወደ ላይኛው ገደል ወጡና፣ ከዓለቱ ስንጥቅ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚንጠባጠበውን ዘይት በጭቃ ደፈኑት።